ባለ 8 ፌሮ ስንት ቤርጋ ነው?

አጎቴ በደሴ፣ ሸዋበር አካባቢ፣ የሕንፃ መሣሪያ መደብር ከከፈቱ ሃያ ዓመት ሊሞላቸው ነው። ፌሮ፣ ሚስማር፣ ቆርቆሮ፣ ሲሚንቶ፣ ቀለምና የቧንቧ ዕቃ ይሸጣሉ፤ ከእሳቸው ሌላ አንዲት የሒሳብ ሠራተኛና ሦስት ጎረምሶች አብረዋቸው ይሠራሉ። እኔ አዲስ አበባ ውስጥ ለዓመታት በመረጃ ትንተና ሥራ ቆይቼ በመስከረም 2018 ወደ ከተማዬ የተመለስሁ ሰው ነኝ። በተመለስሁ በሁለተኛው ሳምንት አጎቴ ቡና አስፈልተው ጠሩኝና እንዲህ አሉኝ፦ «ቁጥር ታነባለህ ይሉሃል። እኔ ቀኑን ሙሉ ስሸጥ ውዬ ዕቃ ላመጣ ስል ብር የለኝም። የት ነው የሚገባው?»

ጥያቄው ቀላል መስሎኝ ነበር። የ2017 ዓ.ም. የሽያጭ ደብተሮችን ተቀብዬ ለአንድ ወር ያህል ማታ ማታ ወደ ኤክሴል ገለበጥሁ፤ ከዚያም በአዲስ አበባ ለአለቆቼ እሠራው እንደነበረው ባለቀለም ገበታ፣ ወደ ላይና ወደ ታች የሚወዛወዝ መስመር፣ እንደ ድፎ ዳቦ የተቆራረሰ ክብ ሥዕል አዘጋጅቼ ወሰድሁላቸው። አጎቴ መነጽራቸውን አድርገው ረጅም ጊዜ አዩት። «ያምራል» አሉና ሚስማር የሚጠብቅ ደንበኛ ስለነበረ ወደ ሚዛኑ ሄዱ። ለጥያቄያቸው መልስ እንዳልነበረ ያን ጊዜውኑ ገብቶኛል፤ አብዛኛው ስሕተት እንደነበረ የገባኝ ግን ቆይቶ ነው።

በመደብሩ ሦስት ደብተሮች አሉ፤ አንዱ የዕለት ሽያጭ፣ ሁለተኛው የገባ ዕቃ፣ ሦስተኛው የዱቤ። የዱቤው ደብተር እንደ ሌሎቹ መደርደሪያ ላይ አያድርም፤ አጎቴ ማታ ማታ ይዘውት ወደ ቤት ይገባሉ። በጥቅምት 2014 መጨረሻ ጦርነቱ ደሴ ደርሶ ቤተሰቡ ከከተማ ሲወጣ፣ አጎቴ ከመደብሩ ይዘውት የወጡት ይህንኑ ደብተር ብቻ ነበር፤ በፌስታል ጠቅልለው ከጋቢያቸው ሥር ሸሽገው። በኅዳር መጨረሻ ሲመለሱ መጋዘኑ ባዶ ሆኖ ጠበቃቸው። ሥራውን እንደገና ያቆሙት በደብተሩ ነው፦ የቻለ ከፈለ፣ ያልቻለ ግንበኛ የፈረሰውን ግድግዳ በዕዳው ፈንታ ሠራላቸው፣ አንዳንዱ ደግሞ ያለበትን አስታውሶ ሳይጠየቅ መጣ። ስለዚህ «ትንንሽ ነጋዴዎች የመረጃን ጥቅም አያውቁም» የሚለውን፣ በየሥልጠናው የሚደጋገመውን አባባል በሰማሁ ቁጥር ይህ ደብተር ትዝ ይለኛል። ያውቃሉ፤ የሚጽፉት ግን ለማስታወስ ነው። ደብተሩ ማን ስንት እንዳለበት ወዲያው ይናገራል፤ ዱቤ ወሳጆች በስንት ቀን እንደሚከፍሉ ሲጠየቅ ግን ዝም ይላል፤ ለዚያ ተብሎ አልተጻፈምና። ለማስታወስ የሚጻፈውን ደብተር ለመጠየቅም እንዲመች አድርጎ መጻፍ፣ ለዚህም ሲባል በመደብሩ ያሉት ሰዎች ሁሉ በአንድ ነገር ስም፣ ቀንና መለኪያ መስማማታቸው፣ እኔ አሁን የመረጃ ትንተና አቅም ብዬ የምጠራው ይህን ነው። ሶፍትዌሩ ከዚያ በኋላ ይመጣል፤ ባይመጣም ብዙ አይጎድልም።

መጀመሪያ የገጠመን የስም ጉዳይ ነው። በደሴ የዱቤ ደብተር ውስጥ ስንት መሐመድ እንደሚኖር የወሎ ሰው ሳይነገረው ያውቀዋል። በአጎቴ ደብተር «መሐመድ»፣ «መሀመድ»፣ «ሙሐመድ»ና «ሙሄ» ተብሎ ተጽፏል፤ አንዳንዱን «ገራዶ» የሚል ሰፈር፣ አንዳንዱን «ግንበኛው» የሚል ሙያ ይከተለዋል። በሐመሩ ሐ ተጻፈ በሃሌታው ሀ፣ ለአንባቢ ያው አንድ ስም ነው። በኮምፒዩተር ዘንድ ግን እነዚህ ሁለት ፊደላት፣ የኢትዮጵያ ፊደል የዓለም ፊደላት ሁሉ በቁጥር በሚመዘገቡበት በዩኒኮድ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1999 ከገባ ጀምሮ፣ የየራሳቸው መለያ ቁጥር ያላቸው ስለሆኑ፣ አንዱን ሲፈልጉ ሌላው አይመጣም። ንጉሡ ሠና እሳቱ ሰ፣ ጸሎቱ ጸና ፀሐዩ ፀ፣ አልፋው አና ዐይኑ ዐ እንዲሁ ናቸው። በዚህ ምክንያት ከገራዶ የሚመጣ አንድ ግንበኛ በእኔ ኤክሴል ላይ ሦስት ሰው ሆኖ ተገኘ። በሦስቱም ስሞች ያለበት ዕዳ ትንሽ ትንሽ ስለነበረ ማንንም አላሳሰበም፤ ሲደመር ግን ሰውየው ከመደብሩ ትልልቅ ባለዕዳዎች አንዱ ሆነ። ማንንም አላታለለም፤ በመጣ ቁጥር የመዘገበው እጅ ይለያያል እንጂ።

መፍትሔው ከስሙ ጎን ስልክ ቁጥር መጻፍ ነበር። አጎቴ በመጀመሪያ አልወደዱትም፤ «ጎረቤቴን በቁጥር ልጥራው?» አሉ። በመጨረሻ ስሙ እንደ ልማዱ ከፊት እንዲቀር፣ ስልኩ ደግሞ በገጹ ዳር እንዲጻፍ ተስማማን። ሲም ካርድ የሚቀያይር ደንበኛ እንዳለ አውቃለሁ፤ ቢሆንም ስም ከሚቀያይር ጸሐፊ ይሻላል።

የቀኑ ነገር ከስሙም ባሰ። ደብተሩ የሚጻፈው በእኛ አቆጣጠር ነው፤ ኤክሴል ግን የተጻፈለትን የሚያነበው በፈረንጁ ነው። ሚያዝያ 12 ቀን 2017ን «12/8/2017» ብዬ ስጽፍ፣ ኮምፒዩተሬ በአሜሪካኖች ልማድ ወርን የሚያስቀድም ስለነበረ ዲሴምበር 8 አድርጎ መዘገበው። ሚያዝያ 20ን ሲያገኝ ደግሞ ሃያኛ ወር የሚባል ነገር ስለሌለ እንደ ተራ ጽሑፍ ቆጥሮ አለፈው። ጳጉሜን 5 «5/13/2017» ተብላ በመጻፏ ሜይ 13 ሆና በግንቦት ላይ ዐረፈች። እንግዲህ በየወሩ የመጀመሪያዎቹ 12 ቀናት የተሸጠው በዓመቱ ላይ እንደ ዘር ተበትኖ፣ ከ13ኛው ቀን ጀምሮ የተሸጠው ደግሞ ከየወሩ ድምር ውጭ ቀርቶ ነበር ማለት ነው። አጎቴ «ያምራል» ያሉት ይህን ነው።

ለዚህ የሚሆን ብልሃት ከሥልጠና አላገኘሁትም፤ የሒሳብ ሠራተኛዋ ናት ያመጣችው። «ቀኑን ለምን ለሦስት አንከፍለውም?» አለችኝ። ቀን በአንድ ዓምድ፣ ወር በሌላው፣ ዓመት በሦስተኛው፣ ሁሉም ተራ ቁጥር ሆነው ሲጻፉ ኤክሴል ሊተረጉመው የሚነሣው ነገር አይኖርም፤ 13ኛው ወርም ያለ ክርክር ይገባል። ከቴሌብርና ከባንክ የሚመጡት የክፍያ መልእክቶች በፈረንጅ ቀን ስለሆኑ፣ እሷ መስከረም 1 ሴፕቴምበር 11 ላይ፣ በአራት ዓመት አንዴ ደግሞ 12 ላይ መዋሉን መነሻ አድርጋ የወሮቹን መባቻ የሚያሳይ ሠንጠረዥ ሠርታ ግድግዳው ላይ ለጥፋለች። ቴሌብር በግንቦት 2013 ሥራ ከጀመረ ወዲህ የመደብሩ ገቢ ጥቂት የማይባለው ክፍል በስልክ ስለሚገባ፣ ይህ ሠንጠረዥ በቀን ስንት ጊዜ እንደሚታይ እኔ ምስክር ነኝ።

ወደ ፌሮው ልምጣ። ብዙ ጊዜ የወሰደብን እሱ ነው፤ ብዙ የተማርሁትም ከእሱ ነው። ፌሮ ሲገባ በኩንታል ይመዘገባል፤ ሲወጣ በቤርጋ፣ ማለትም 12 ሜትር በሚረዝመው ዘንግ ቁጥር። በሁለቱ መካከል ድልድይ የሚሆነው ቁጥር በየሰው ጭንቅላት ውስጥ ነበር። አንድ ኩንታል ባለ 8፣ ማለትም ውፍረቱ 8 ሚሊሜትር የሆነ ፌሮ፣ ስንት ቤርጋ ይወጣዋል ብዬ ስጠይቅ አጎቴ «20»፣ ከሠራተኞቹ አንዱ «21» አለ፤ ሌላው ትከሻውን ሰብቆ «እንደ ፌሮው ነው» አለ። ልክ የነበረው የመጨረሻው ነው።

የፌሮ ክብደት የታወቀ ስሌት አለው፦ ውፍረቱ በሚሊሜትር በራሱ ተባዝቶ ለ162 ሲካፈል የአንድ ሜትር ክብደት በኪሎ ይገኛል። ባለ 8 በሜትር 0.395 ኪሎ፣ በ12 ሜትር ቤርጋ 4.74 ኪሎ ገደማ ነውና ከኩንታሉ 21 ቤርጋ ይወጣል። ባለ 10 ቤርጋው 7.4 ኪሎ፣ ኩንታሉ 13 ተኩል፤ ባለ 12 ቤርጋው 10.7 ኪሎ፣ ኩንታሉ ከ9 ትንሽ ያለፈ ነው። ይህ በወረቀት ላይ ነው። በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ገበያው ቀዝቀዝ ሲል፣ አሥር ቤርጋ ባለ 8 አስረን ሚዛን ላይ ሰቀልን፤ 46 ኪሎ መዘነ። ጭነቱ ከስሌቱ ቀጠን ያለ ነበር፤ ቀጭን ፌሮ ለሚገነባው ሰው ምን ማለት እንደሆነ የራሱ ጉድ ስላለው እዚህ አልገባበትም። ለመደብሩ ግን ከኩንታሉ 22 ቤርጋ ገደማ ይወጣል ማለት ነው። 40 ኩንታል ሲገባ አጎቴ በልባቸው 800 ቤርጋ ይይዙ ነበር፤ ሚዛኑ 870 ገደማ ይላል። ሰባ ቤርጋ በማንም ደብተር ላይ አልነበረም።

እንዲህ ያለ ቁጥር ሲወጣ መደብሩ ውስጥ የሚነግሠውን ዝምታ አልረሳውም። ጎረምሶቹ መሬት መሬት አዩ፤ አጎቴ መነጽራቸውን አወለቁ። ከዚህ በኋላ የሚመጣው ጥያቄ «ማን ወሰደው?» ቢሆን ኖሮ ሥራው ሁሉ በዚያው ያበቃ ነበር፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ማንም እውነተኛ ቁጥር አይጽፍልንምና። የሒሳብ ሠራተኛዋ ብልህ ስለሆነች ጥያቄውን ቀየረችው፦ «ሳንጽፈው የምንሰጠው ፌሮ ምን ምን ነው?» ያን ጊዜ አፋቸው ተፈታ። ለግንበኛ ተቆርጦ በሜትር የሚሸጥ ቁራጭ አለ፤ ገንዘቡ ሳጥን ይገባል፣ ቤርጋው ግን አይጻፍም። ብዙ ለሚገዛ ደንበኛ የሚጨመር ምርቃት አለ። ጠዋት ጠዋት አይሱዙው እየተጫነ ሰው ሲሻማ «በኋላ እንጽፈዋለን» የተባለም አለ። አሁን አንድ ጭነት በገባ ቁጥር አሥር ቤርጋ ተመዝኖ የዚያ ጭነት ቁጥር ከገቢው ጎን ይጻፋል፤ ቁራጭና ምርቃትም የየራሳቸው መስመር አላቸው። ምርቃቱ እንዲቀር አልተደረገም፤ ምርቃት የሌለበት ንግድ በእኛ አገር ንግድ አይባልም። መጠኑ ግን ታወቀ።

የአጎቴ ጥያቄ ትልቁ መልስ ግን ከፌሮው አልመጣም፤ ከዱቤው ነው። ስሞቹና ቀኖቹ ከተስተካከሉ በኋላ ዱቤ በስንት ቀን እንደሚመለስ ብናሰላ አማካዩ ሁለት ወር አካባቢ ሆነ፤ አጎቴም «አላልሁም? እነዚህ ቀን ሠራተኞች ገደሉኝ» አሉ። ደንበኞቹን ከፈጣኑ እስከ ዘገምተኛው በሰልፍ ብናቆማቸው ግን፣ ከሰልፉ መሃል ላይ የሚገኘው ሰው በሦስት ሳምንት ውስጥ ይከፍላል። አማካዩን ወደ ላይ የጎተቱት አራት ተቋራጮች ናቸው፤ እነሱም ከሚያሠራቸው ክፍያ እስኪለቀቅላቸው ወራት የሚጠብቁ፣ ሲመጡ ግን ወንበር የሚቀርብላቸውና ሻይ የሚታዘዝላቸው ደንበኞች። አጎቴ በየቀኑ የሚጨቀጭቁት በወቅቱ የሚከፍለውን ምስኪን ነበር። ገንዘባቸው የገባበትን ያወቁት ያን ዕለት ነው፤ ደስ አላላቸውም።

ከዚያ በኋላ ለጥቂት ቀናት ሥራው ቆመ። አንድ ማታ አጎቴ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ይህ ሁሉ ተጽፎ ማን እጅ ነው የሚገባው?» ብለው ጠየቁኝ። ይህን ፍርሃት እንደ ኋላ ቀርነት የሚቆጥር ባለሙያ የነጋዴውን ታሪክ አያውቅም። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979 ግብር ከፋዩን ሀ፣ ለ፣ ሐ ብሎ ሲመድብ፣ ዓመታዊ ሽያጩ ከ500,000 ብር በታች የሆነው የሐ ደረጃ ነጋዴ መዝገብ ሳይይዝ በግምት እንዲከፍል ነበር የተደረገው። በ2009 ዓ.ም. ክረምት የቀን ገቢ ግምት ይፋ ሲሆን በበርካታ ከተሞች ነጋዴው ክፉኛ ቅር ተሰኝቷል፤ ከዚያ ወቅት ብዙ ሰው የያዘው ትምህርት «የተጻፈ ነገር ይመጣብሃል» የሚል ነው። የእኔ አመለካከት ተቃራኒው ነው፦ ግምት የሚያስፈራው መዝገብ ለሌለው ሰው ነው፤ የሚሟገትበት ወረቀት የለውምና። ሆኖም ፍርሃት በክርክር አይረታም። ለአጎቴ ያሳየኋቸው ከመሳቢያ ሥር በካርቶን የታጨቀውን የሽያጭ መመዝገቢያ መሣሪያቸውን ወረቀት ነው። እሳቸው የሀ ደረጃ ግብር ከፋይ ናቸው፤ በየቀኑ የዕለቱን ሽያጭ ድምር የሚያሳይ ዜድ ሪፖርት ከመሣሪያው ያወጣሉ፤ መንግሥት የሽያጫቸውን ድምር ካወቀው ቆይቷል። «ድምሩን የማያውቁት እርስዎ ብቻ ነዎት» አልኋቸው። ሳቁ። ወረቀቱ በሙቀት የሚታተም ስለሆነ የቆየው ደብዝዞ ሊነበብ አልቻለም፤ የስንት ዓመት መረጃ እንዲያ እንደ ጉም ተኖ ጠፍቷል።

ስለ ብር አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ጀምሮ የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል፤ የፌሮና የቆርቆሮ ዋጋም ተከትሎ ወጣ። በዚህ ምክንያት የ2017 ሽያጭ በብር ሲለካ ከ2016 የበለጠ ነው፤ በቤርጋ ሲለካ ያነሰ። ሁለቱን ለያይቶ ያልመዘገበ ነጋዴ አደግሁ ብሎ መጋዘኑን ያራቁታል።

ከአጎቴ መደብር ወሬው ሐረጎን ወርዶ ኮምቦልቻ ደረሰ። የእናቴ የልጅነት ጓደኛ የሆኑ እትዬ እዚያ ዳቦ ቤት አላቸው፤ ከዳቦው ሌላ ሳምቡሳ ያስጠብሳሉ። መዝገባቸው ከአጎቴ እጅግ የተሻለ ነው፤ የየወሩን ሽያጭ ካለፈው ዓመት ተመሳሳይ ወር ጋር ያነጻጽራሉ። ችግሩም ከዚያው ንጽጽር መጣ። በየካቲት 2017 ሳምቡሳው ከየካቲት 2016 በብዙ በልጦ ስላገኙት አንዲት ጠባሽ ጨመሩ፤ በመጋቢት ደግሞ ካለፈው መጋቢት በሲሶ ስለወረደባቸው ልጅቷን ለማሰናበት ያመነቱ ጀመር። መዝገቡን ዘርግቼ ከረመዳን ጋር አስተያየሁት። የሂጅራው ዓመት ከእኛ በ11 ቀን ገደማ ስለሚያጥር ረመዳን በየዓመቱ ወደ ኋላ ይሸሻል። በ2016 ረመዳንና ሁዳዴ በአንድ ቀን፣ መጋቢት 2፣ ነበር የገቡት፤ ስለዚህ ያ መጋቢት 29 የረመዳን ቀናት ነበሩት፣ የካቲቱ ምንም። በ2017 ግን ረመዳን የካቲት 22 ገብቶ ዒድ መጋቢት 21 ዋለ፤ ለየካቲት 9፣ ለመጋቢት 20 ቀን ደረሰ። ሳምቡሳው በረመዳን አንድ ምሽት ስንት እንደተሸጠ ስናሰላ ሁለቱ ዓመታት እምብዛም አይለያዩም። ጠባሿ በሥራዋ ቀጠለች። ጾሙና በዓሉ ተቀላቅሎ በሚኖርበት በወሎ፣ ወርን ከወር ብቻ የሚያነጻጽር ሶፍትዌር ማንም ቢሸጥልዎ፣ የዕለቱን ጠባይ የሚጽፉበት አንድ ዓምድ እንዲጨምርልዎ ይጠይቁት፦ ረመዳን፣ ጾም፣ ዒድ፣ ገበያ።

የወሎ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ ከደሴም ከኮምቦልቻም ግቢ፣ ለመመረቂያ ጽሑፋቸው መጠይቅ ይዘው ወደ አጎቴ መደብር ይመጣሉ፤ «በጣም እስማማለሁ፣ እስማማለሁ» የሚል ቅጽ ያስሞላሉና ይሄዳሉ። ያው ተማሪ ሁለት ሳምንት ተቀምጦ የአንድ መደብር ዱቤ ቢያጠራ እሱም መደብሩም በተጠቀሙ ነበር እላለሁ። ከሁሉም በላይ ግን አቅሙ መቀመጥ ያለበት በመደብሩ ውስጥ በየቀኑ በሚውለው ሰው እጅ ነው። እኔ ነገ ሥራ አግኝቼ ብሄድ ዓምዶቹን የሚጠብቃቸው የሒሳብ ሠራተኛዋ ናት፤ ለዚህም ነው ፒቮት ቴብል የሚባለውን፣ ረጅም ዝርዝርን በየዓይነቱ ደምሮ የሚያሳየውን የኤክሴል ሠንጠረዥ፣ ሳስተምራት አይጡን ከእጇ ላለመንጠቅ የምታገለው። አጎቴም ደመወዟን በመጠኑ ጨምረዋል፤ ስለ ሥልጠና ከተናገርሁት ሁሉ የሠራው ይህ ይመስለኛል።

ባለፈው ሰኞ አጎቴ ሳልጠይቃቸው አንድ ጥያቄ አመጡ፦ «ከክረምት በፊት ባለ 10 የሚያከማቹት ለራሳቸው ቤት የሚሠሩት ናቸው ወይስ ለሰው የሚሠሩት?» የሒሳብ ሠራተኛዋ ኤክሴሉን ከፍታ ፈለገች፤ የለም። ማን እንደገዛ፣ መቼና ስንት እንደገዛ አለ፤ ለምን እንደገዛ ግን አልተጻፈም። የሽያጭ ደብተሩን ስባ በማስመሪያ አዲስ መስመር አወረደችና «ምን ብለን እንጥራው?» አለች። አጎቴ «ለምን ዓላማ» ይባል አሉ። እኔ ረጅም ነው፣ ማንም አይሞላውም አልሁ። ከጎረምሶቹ አንዱ ከሚዛኑ ዞር ሳይል «የራስ ወይም የሰው በሉት» አለ። አጎቴ ለራሱ ቤት እየገነባ ሌላውን ክፍል የሚያከራየው የት ይግባ ብለው ተነሡ፤ እኔ ስወጣ አሁንም እየተከራከሩ ነበር።